«ኢማኔ ደክሞ ይሆን?» ለምትል የሕክምና ተማሪ

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነበር፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ አውጥቼ አቅርቤዋለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ። የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ያሉት ደሴ ነው። ያደግኩት ወንድሜ ስልኩ ላይ የሚያሳየኝን ቪዲዮ እያየሁ ነው። ‹ቁርኣን የፅንስን እድገት ከ1400 ዓመት በፊት ደረጃ በደረጃ ተናግሯል፤ ሳይንስ ገና አሁን ነው የደረሰበት› ይላል። ዘንድሮ ኢምብሪዮሎጂ ስንጀምር በጣም ደስ አለኝ። ዶርም ውስጥ ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ ሙስሊም አይደለችም። መጽሐፉን ገለጠችና ‹እዚህ ጋ አጥንትና ጡንቻ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት ይላል። አንቺ ግን አጥንት ይቀድማል፣ ከዚያ ሥጋ ይለብሳል አልሽኝ። የቱ ነው ልክ?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። የጀመዓችንን ኡስታዝ ስጠይቀው ‹ጥያቄ ማብዛት ኢማን ያደክማል› ብሎኝ አለፈ። ወንድሜ ደግሞ ‹የተሳሳተው መጽሐፋችሁ ነው› አለ። ከዚያ ወዲህ ቁርኣን ስቀራ ያቺ አያ (አንቀጽ) ላይ ስደርስ ልቤ ይቆማል። ፈተናው ላይ ምን ልጻፍ? ኢማኔ ደክሞ ይሆን?»

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ ልጄ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ስለሆነ። ኢማንሽ፣ እምነትሽ፣ አልደከመም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሶሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥተው ስሞታ አቀረቡ። በልባችን የሚመላለስ ነገር አለ፣ በአፋችን ልናወጣው እንኳ የሚከብደን አሉ። እርሳቸውም በእርግጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቷችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ሲሏቸው፣ ያ ግልጽ ኢማን ነው አሏቸው። አልተቆጡም። ጥያቄ አታብዙም አላሏቸውም። ነገሩ የከበደሽ ቁርኣኑን ስለምትወጂው ነው። ግድ የሌለው ሰው እንቅልፍ አያጣም።

ፈተናው ላይ የተማርሽውን ጻፊ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ነገ በእጅሽ የሚወለድ ሕፃን አለ። እናቱ የምትፈልገው በደንብ የተማረች ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኔም ያደግኩት ወሎ ነው። ቀን አስኳላ እማራለሁ፤ ማታ ማታ ሸይኻችን ዘንድ እቀራለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት ሉል ነበረች፣ የምድር ካርታ ያለባት ድቡልቡል ነገር። ሁሉም ተማሪ ኢትዮጵያን ሲፈልግ ጣቱ እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። ከጊዜ ብዛት አገራችን ያለችበት ቀለም ተፍቆ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እኛ ትንንሾቹ ገና ሎህ (የመቅሪያ ሰሌዳ) ላይ ነን። ትልልቆቹ ደረሶች (ተማሪዎች) ግን ፊቅሁንና ነህዉን፣ ሕጉንና የዐረብኛ ሰዋስውን፣ ጨርሰው ተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ጀምረዋል። የሚቀሩት ጀላለይን የሚባለውን የተፍሲር ኪታብ ነበር። መቼም ወሎ ውስጥ ተፍሲር ከተባለ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው።

አንድ ማታ ከደረሶቹ አንዱ ሱረቱል ጋሺያን እያነበበ ነው። አላህ ሰዎችን ወደ ግመል፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ተራሮች፣ ወደ ምድር ተመልከቱ የሚልበት ቦታ ነው። ሃያኛው አያ ላይ ምድር እንዴት እንደተዘረጋች ይላል። ኪታቡም ይህ ቃል በግልጹ ሲታይ ምድር ዝርግ መሆኗን ያሳያል፣ የሸሪዓ ሊቃውንትም በዚህ ላይ ናቸው፣ የፈለክ ሰዎች እንደሚሉት ድቡልቡል አይደለችም ይላል። እኔ ከጥግ ሆኜ «ትምህርት ቤት ያለችው ግን ድቡልቡል ናት» አልኩ። ደረሶቹ ሳቁብኝ። ሸይኻችን ግን አልሳቁም። አንባቢውን «ጨርሰው እንጂ፣ ለምን ታቆማለህ?» አሉት። የቀረችው ሐረግ አጭር ናት። ምንም እንኳ ይህ ከሸሪዓ ማዕዘኖች አንዱንም ባያፈርስ ትላለች። ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሰማህ? ምድር ድቡልቡል ሆነች ዝርግ፣ ሶላትህ ሶላት ነው። እኚህ ዓሊም የመሰላቸውን ጻፉ። ሊሳሳቱ ይችላሉ። አያው ግን ያው እዚያው ነው» አሉኝ።

ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም። ደስ ያለኝ ስላልተገረፍኩ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ያቺን ቦታ መልሼ ሳነባት ነው የገባኝ። ይህን የጻፉት ጀላሉዲን አል መሐሊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1459 ያረፉ የካይሮ ዓሊም። ስለ ምድር ቅርጽ ተሳስተዋል። ነገር ግን በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሃይማኖቱ የቆመው በዚህ ላይ እንዳልሆነ ተናግረዋል። የራሳቸውን መረዳት ከአላህ ቃል ጋር አላጣበቁም።

ደግሞ የሚገርመው፣ ከእሳቸው 250 ዓመት ገደማ ቀድመው ያረፉት ፈኽሩዲን አር ራዚ ይህንኑ አያ ሲፈስሩ ሌላ ነገር ብለዋል። በዚህ ቃል ተነሥቶ ምድር ድቡልቡል አይደለችም ማለት ደካማ ማስረጃ ነው፣ በጣም ትልቅ የሆነ ኳስ እያንዳንዱ ቁራጩ ሲታይ እንደ ዝርግ ነው ብለዋል። የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝምና ኢብን ተይሚያም ምድር ድቡልቡል ናት ካሉት ወገን ናቸው። አንድ አያ፣ አንድ ዐረብኛ፣ ሁለት መረዳት።

ይኸው ነው ልነግርሽ የፈለግኩት ልጄ። የአላህ ቃል ሌላ፣ እኛ ከቃሉ የተረዳነው ሌላ። ዶርም ውስጥ የወደቀው ከሁለቱ የቱ ነው? ቪዲዮው የነገረሽ መረዳት ነው የወደቀው።

ራዚም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልቀናቸውም። አል በቀራ ላይ ምድርን ምንጣፍ አደረገላችሁ የሚለውን ሲፈስሩ፣ ምንጣፍ ለመሆን ምድር የማትንቀሳቀስ መሆን አለባት ብለው በሰፊው ተከራክረዋል። በዘመናቸው የነበረው ሳይንስ የሚለው እሱን ነበርና። ሌሎችም ሰባቱን ሰማያት በዘመኑ ከታወቁት ሰባት ተንቀሳቃሽ አካላት ጋር አገጣጠሟቸው። ጨረቃ፣ ዓጣርድ (ሜርኩሪ)፣ ዝሁራ (ቬነስ)፣ ፀሐይ፣ መሪኽ (ማርስ)፣ ሙሽተሪ (ጁፒተር)፣ ዙሐል (ሳተርን)። ሰባት ለሰባት፣ ልክክ አለ። ቁርኣን የሚጠቅሰውን ኩርሲይ (መንበር) ስምንተኛው፣ ዐርሹን (ዙፋኑን) ዘጠነኛው ክበብ ያደረጉም ነበሩ። በዚያ ዘመን ብትኖሪ ወንድምሽ ይህንን በኩራት ባሳየሽ ነበር፤ «ተመልከች፣ ቁርኣን ከፈለክ ሳይንስ ጋር እንዴት እንደሚገጥም!» እያለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1781 ዩራነስ ተገኘች። በ1846 ኔፕቱን ተጨመረች። ፀሐይ ደግሞ ከዝርዝሩ ወጥታ መሐል ገባች። ቁርኣን ላይ ምን ደረሰ? ምንም። የፈረሰው ግጥሚያው ነው።

የዛሬዎቹ ቪዲዮዎች የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ያኔ በጥንቱ የፈለክ ሊቅ በፕቶሎሚ፣ ዛሬ ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር በሚናገረው በቢግ ባንግ። እኔ ይህን የምለው ሳይንስን አቅልዬ አይደለም፤ ዕድሜዬን ያስተማርኩት እሱን ነው። ሳይንስ ራሱን እያረመ የሚሄድ ሥራ ነው፤ ጥንካሬውም እሱ ነው። ራሱን በሚያርም ነገር ላይ የማይለወጥ ቃል ብታስሪ፣ እርማቱ በመጣ ቁጥር አንቺ ትናወጫለሽ።

አንድ ነገር ቤትሽ መደርደሪያ ላይ ልታዪው ትችያለሽ። በጃንሆይ ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም አውርጂው። ብዙ የወሎ ቤት ውስጥ አለ። ሱረቱ ዛሪያት 47ኛውን አያ ግለጪ። ሰማይን በኃይል ስለመገንባት ከተናገረ በኋላ «ቻዮች ነን» ይላል። ቪዲዮው ላይ ያለው ትርጉም ግን «እያሰፋነው ነን» ነው። ከዚያ ወደ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ወደ ሐብልና ወደ ሌሜትር ይሄዳል፣ ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደታወቀበት። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። «ሙሲዑን» የሚለው ቃል ስፋትንም ችሎታንም ይይዛል። የእኛ ተርጓሚዎች የሄዱት በቀደሙት ሙፈሲሮች (የቁርኣን አብራሪዎች) መንገድ ነው። ጠበሪም ጀላለይንም ወደ ችሎታ ነው የወሰዱት። የማስፋትን ትርጉም የያዙም ነበሩ፤ ስለ ጋላክሲ ግን አላሰቡም። አዲሱ ንባብ ሊሆን የማይችል ነው አልልም፤ ቋንቋው ይሸከመዋል። ግን «ሊሆን ይችላል» እና «ተአምሩ ይኸው ተረጋገጠ» መሐል ትልቅ ገደል አለ። ቪዲዮው ገደሉን ሳያሳይሽ ነው ያሻገረሽ።

ወደ ፅንሱ እንምጣ። አንቺን የነካሽ እሱ ነውና ጊዜ እንስጠው።

ሱረቱል ሙእሚኑን ላይ ኑጥፋ ይላል፣ ጠብታ። ከዚያ ዐለቃ። የአማርኛው ትርጉም «የረጋ ደም» ይለዋል። ዐረብኛው ግን የሚጣበቅ፣ የሚንጠለጠል ነገርንም ይይዛል፤ ያ በውኃ ውስጥ ያለ ደም መጣጭም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። እኛም እኮ «አልቅት» እንላለን። ቃሉ ዘመዳችን ነው። ልጅ ሆኜ በቅሎ ምንጭ ላይ ጠጥታ አልቅት ምላሷ ሥር ሲጣበቅባት አይቻለሁ። አባቴ በጨርቅ ይዞ ሲስባት ትለጠጣለች እንጂ አትለቅም። ፅንስ በማኅፀን ግድግዳ ላይ መጣበቁን ስማር መጀመሪያ የመጣብኝ የዚያች በቅሎ ምላስ ነው። ምስሉ በጣም ያምራል። እዚህ ላይ «ሱብሓነላህ» ብትዪ ደስ ይለኛል፤ እኔም ብያለሁ። ከዚያ ሙድጋ፣ የታኘከ የሚመስል ቁራጭ ሥጋ። ከዚያ አጥንት። ከዚያም «አጥንቶቹን ሥጋ አለበስናቸው»።

ጓደኛሽ የተናገረችው ልክ ነው። የእጅና የእግር እንቡጥ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ግድም ብቅ ይላል። የአጥንቱ ቅርጽ መጀመሪያ በካርቲሌጅ (በልም አጥንት) ይሠራል። ጡንቻውም በዚያው ሰሞን፣ እዚያው አጠገቡ ይሠራል። ካርቲሌጁ ወደ አጥንት መለወጥ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጽሐፍሽ አልተሳሳተም። ወንድምሽ ያለውን እርሺው።

አያውን ለማዳን የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። «አጥንት ማለት ካርቲሌጅ ነው፣ ሥጋ ማለት ይኼኛው ጡንቻ ብቻ ነው» እያሉ ይጠመዝዙታል። ይህን ስሰማ አዝናለሁ። ቁርኣን እንዲህ እየተጠመዘዘ የሚድን መጽሐፍ አይደለም። አያው የወረደው ለአናቶሚ ክፍል ተማሪ ብቻ አይደለም። ለእረኛውም ለአዋላጅዋም ነው። ሰው ቤት ሲሠራ አይተሽ የለ? ቋሚው ይቆማል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ከዚያ ጭቃው ይመረጋል። አጥንት ሥጋ ለበሰ ሲባል ማንም ሰው ምስሉ በዓይኑ ይመጣለታል። ስንት ሳምንት ላይ ብሎ የሚቆጥር የለም። እኔ አያውን የምረዳው እንዲህ ነው፤ ይህም የእኔ መረዳት ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገርሽ፤ ሌላ ጊዜ ደግመሽ እንዳታፍሪ። «ይህን ማንም አያውቅም ነበር» አትበዪ። ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ከቁርኣን መውረድ 400 ዓመት ገደማ ቀድሞ ስለ ፅንስ ደረጃዎች ጽፏል። ኢብኑል ቀይም፣ የኢብን ተይሚያ ተማሪ፣ ስለ ፅንስ በጻፈበት ኪታቡ ከቁርኣኑና ከሐዲሱ ጋር የሂፖክራተስን ንግግር እያነሣ ነው የሚያብራራው። አላፈረበትም። አሁን በቪዲዮ የምናየው አነጋገር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹና 80ዎቹ ወዲህ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ቡካይ በ1976 ጻፈ። ከዚያ ካናዳዊው የአናቶሚ ፕሮፌሰር ኪት ሙር በሳዑዲ ከነበሩ ዓሊሞች ጋር ሠራ። ከዚያ ካሴቱ፣ ሲዲው፣ አሁን ደግሞ ቲክቶኩ። ብዙ ወጣት በዚህ ተጽናንቷል፤ አልክድም። ብዙ ወጣት ደግሞ እንዳንቺ ዶርም ውስጥ መልስ አጥቶ ብቻውን አልቅሷል።

ወንድምሽ ብረትንም ሳያሳይሽ አይቀርም። ሱረቱል ሐዲድ ላይ «ብረትን አወረድን» ይላል። ብረት ደግሞ በከዋክብት ውስጥ የተሠራ መሆኑ እውነት ነው። ደስ ይላል። ግን በሱረቱ ዙመር 6ኛው አያ ላይ ከቤት እንስሳት ስምንት ዓይነቶችን አወረድን ይላል፤ ያው ግሥ ነው። ፍየልና በግ ከኮከብ ወረደ የሚል ሰው አላየሁም። ቁርኣን «አወረደ» ሲል ሰጠ፣ ለገሰ የሚልበት ጊዜ አለ። ቃሉን በአንድ ቦታ ብቻ ይዘሽ አትሩጪ፤ በሌላ ቦታ እንዴት እንደመጣ እይ። ደረሶቹ ተፍሲር ከመግባታቸው በፊት ዓመታት ነህው ላይ የሚቆዩት ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አንቺን ለማሳፈር የሚመጡ አሉ። «ፀሐይ ጭቃ ምንጭ ውስጥ ትጠልቃለች ይላል ቁርኣናችሁ» ይሉሻል፣ ቁርኣን የሚያወሳውን የንጉሡን የዙልቀርነይንን ታሪክ ይዘው። አትደንግጪ። አያው ያለው ስትጠልቅ «አገኛት» ነው፤ በሰውዬው ዓይን። ኢብን ከሲርም እንዲሁ ነው የፈሰሩት፣ ባሕር ዳር የቆመ ሰው እንደሚያያት። እኛስ በየቀኑ «ፀሐይ ጠለቀች» አይደል የምንለው? ማንም አማርኛ ተናጋሪ ፀሐይ ውኃ ውስጥ ገባች ማለቱ አይደለም። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያውም እንዲሁ ነው የሚናገረው።

እኔ ታዲያ ቁርኣንና እውቀት አይገናኙም እያልኩሽ ነው? በፍጹም። ለኔ የሚገናኙበት ቦታ ሌላ ነው።

አል በቀራ ላይ ሰዎች ስለ ለጋ ጨረቃዎች ጠየቁ። ጥያቄው፣ ሙፈሲሮች እንደሚያወሩት፣ ጨረቃ ለምን እንደ ክር ቀጥና ትወጣለች፣ ለምን ትሞላለች፣ ለምን ተመልሳ ትቀጥናለች የሚል ነበር። ንጹሕ የሳይንስ ጥያቄ። መልሱ ግን ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ ምልክቶች ናቸው የሚል ሆነ። ለምን እንደምትቀጥን አልነገራቸውም። ምን እንደምትጠቅማቸው ነገራቸው። የመጀመሪያውን እንዲደርሱበት ዓይንና አእምሮ ሰጥቷቸዋል። ሙስሊሞችም ደርሰውበታል። ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃን ሲጽፍ አያ እየጠቀሰ አይደለም ያረጋገጠው። ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን እያየ፣ እየለካ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በተምር ዛፍ ማዳቀል ጉዳይ የዓለማችሁን ነገር እናንተ የበለጠ ታውቃላችሁ ብለዋል።

ከሁሉም የምወደው ግን የግርዶሹ ነው። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ጋረደች። ሰዉ «ለኢብራሂም ሞት ነው» አለ። እስቲ አስቢው። ልጃቸውን ቀብረዋል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሕዝቡ በራሱ ተአምር ነው እያለ ነው። ዝም ቢሉ እንኳ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ ናቸው፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት አይጋረዱም አሉ። የዛሬ ሥነ ፈለክ ወደ ኋላ ሲቆጥር በመዲና የታየ ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 ላይ ያገኛል። ያልሆነ ተአምር በስማቸው እንዲቆጠር አልፈቀዱም። እኛስ ዛሬ በስማቸው ይህን ማድረግ አለብን?

ኢማም ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት) ፈላስፎችን በሚቃወሙበት ኪታባቸው መግቢያ ላይ ይህንኑ የግርዶሽ ነገር ያነሣሉ። ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሐል ስትገባ ወይም ጨረቃ ፀሐይን ስትከልል መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው ይላሉ። ይህን መቃወም ሃይማኖት የሚመስለው ሰው ሃይማኖቱን ይጎዳዋል። ሸሪዓን በመንገዱ ሳይሆን የሚደግፍ ሰው፣ በመንገዱ ከሚተቸው ሰው ይልቅ ይጎዳዋል ብለው፣ ብልህ ጠላት ከመሃይም ወዳጅ ይሻላል የሚለውን አባባል ይጠቅሳሉ። ኡስታዝሽም ወንድምሽም ቢያነቡት እንዴት ደስ ባለኝ።

አንቺም ግርዶሹን አይተሽ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታይታለች። ሰዓቱና ደቂቃው ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። ሆኖም የግርዶሽ ሶላት አልቀረም። ሒሳቡን የሚያውቅም ይሰግዳል።

ስለ ሰዎቹ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ጓደኛሽን ፈልጊና «ልክ ነበርሽ፤ ያልተጣራ ነገር ነው የነገርኩሽ» በያት። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ሱረቱል ኢስራእ 36 እውቀት የሌለህን ነገር አትከተል ይላል፤ ጆሮም ዓይንም ልብም ይጠየቁበታል። ይህን ብትነግሪያት ስለ ሃይማኖትሽ ከቪዲዮው የተሻለ ነገር ታውቃለች። ደግሞም ጥሩ የጥናት ጓደኛ አግኝተሻል፤ መጽሐፍ ገልጣ የምትከራከር ሰው በየዶርሙ አትገኝም።

ኡስታዝሽ ላይ አትክፊ። አንዳንድ ሰው «አላውቅም» ማለት ሲከብደው ነው ጠያቂውን የሚገፋው። ስለ ፅንስ ሳይሆን ስለ ቃሉ ጠይቂው። «ዐለቃ የሚለውን ቀደምት ሙፈሲሮች እንዴት ፈሰሩት?» በዪው። እሱ በሚያውቀው ሜዳ ትገናኛላችሁ፤ ኢንሻአላህ መልሱም ይለሰልሳል። ካልሆነ ደሴም ዙሪያዋም ኪታብ የጠገቡ ዓሊሞች አላጣችም። ለዒድ ስትሄጂ አባትሽ ይውሰዱሽ።

ወንድምሽ ግን ይወድሻል፤ ያን ቪዲዮ ሲያሳይሽ የኖረው ኢማንሽ እንዲጠነክር ነው። አብራችሁ ቁጭ በሉ። ስልኩን ያስቀምጥ። ሱረቱል ሙእሚኑንን ከ12ኛው አያ ጀምራችሁ አብራችሁ ቅሩ። ከጭቃ ተነሥቶ ጠብታ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ፣ አጥንት፣ ሥጋ ይላል። 14ኛው ላይ አታቁሙ። 15ኛው ከዚያ በኋላ ሟቾች ናችሁ ይላል። 16ኛው በትንሣኤ ቀን ትቀሰቀሳላችሁ ይላል። አያዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጓዙት ወደዚያ ነው። ወንድምሽን በስንት ቪዲዮ ላይ 15ኛውን እንደሰማ ጠይቂው።